የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን ማመልከት፦ ወላጆችና አያቶች ሊያውቁት የሚገባ



አሁን አሁን በብዙ ቤት አንድ ደስ የሚል ጉዳይ ይነሣል። የልጅ ልጅ የሕክምና ትምህርቱን ይጨርሳል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንግዲህ የምን ሐኪም ልትሆን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ «ረፉአት ሚሽፓሃ፣ የቤተሰብ ሕክምና። ከዚያ ጋር ዓለም አቀፍ ጤና ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል ግን ቤቱ ዝም ይላል። አንዳንዱ አባት ደግሞ «ቀዶ ሐኪም ትሆናለህ ብለን ስንጠብቅ፣ ኩፓት ሆሊም ተቀምጠህ የራስ ምታት መድኃኒት ልትጽፍ ነው?» ብሎ ያዝናል።

ይህ ቅሬታ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ወላጅ ልጁ ትልቅ ቦታ እንዲደርስ ይመኛል፣ ስለ ሙያው ግን በደንብ ያስረዳው ሰው የለም። ልጆቹም በወላጅ ዝምታ ምክንያት ልባቸው የወደደውን ትተው ሌላ ይመርጣሉ። ስለዚህ የቤተሰብ ሕክምና ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመለከትበት፣ ዓለም አቀፍ ጤና የሚባለውም ከዚህ ሙያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቀጥለን እንመልከት። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰብ ሐኪም ማን ነው?

በእስራኤል በ1994 ወጥቶ ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ፣ ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ እንዲታቀፍ ያደርጋል። አራቱም ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሄደት እና ሌኡሚት ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ታማሚው መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ሮፌ ሚሽፓሃ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪም ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የቤተሰብ ሕክምና እንደ ልብ ወይም እንደ ዓይን ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። ልዩነቱ የሌላው ስፔሻሊስት አንድ የአካል ክፍል ሲከታተል የቤተሰብ ሐኪም አንድን ሰው መከታተሉ ነው። የልብ ሐኪሙ ልብን፣ የኩላሊት ሐኪሙ ኩላሊትን ያያል። አምስት ዓይነት መድኃኒት የምትወስደው እናት አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር እንዳይጣላባት፣ ከወደቀች ማን እንደሚያነሣት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ለምን እንዳጣች የሚጠይቀው ግን የቤተሰብ ሐኪሙ ነው። አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ባንድ ፋይል ቤት የሚያውቅ ሐኪም እሱ ብቻ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይሄዳል?

በእስራኤል የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው ስድስት ዓመት ይፈጃል። ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ደግሞ የአራት ዓመት ፕሮግራም አለ። ከዚያ ስታዥ የሚባለው በሆስፒታል የሚደረግ የልምምድ ጊዜ ይከተላል። ስታዡ አልቆ የሐኪምነት ፈቃድ ሲገኝ ወደ ሂትማሁት፣ በሌላ ቋንቋ ሬዚደንሲ ወደሚባለው የስፔሻሊስት ሥልጠና ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በሂትማሁት ላይ ያለ ሐኪም ተማሪ አይደለም። ፈቃድ ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በመምህር ሐኪም ሥር እየሠራ የሚሠለጥን ሐኪም ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ሂትማሁት አራት ዓመት ነው። ከፊሉ ጊዜ በሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በድንገተኛ ክፍልና በመሳሰሉት ያልፋል። ቀሪው ጊዜ ደግሞ ልምድ ባለው የቤተሰብ ሐኪም ክትትል ሥር በክሊኒክ ይሠራበታል። ሁለት ትልልቅ ፈተናዎች አሉ፣ ሽላቭ አሌፍ እና ሽላቭ ቤት ይባላሉ። ፈተናውንና የሥልጠናውን ደንብ የሚቆጣጠረው በእስራኤል የሐኪሞች ማኅበር ሥር ያለው የሳይንስ ምክር ቤት ነው።

አሜሪካን አገር የሚያመለክት ዘመድ ያላችሁ፣ አሠራሩ የተለየ ነው። እዚያ የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና ሦስት ዓመት ነው። አመልካቹ የሚፈልጋቸውን ሆስፒታሎች፣ ሆስፒታሎቹም የሚፈልጓቸውን አመልካቾች በቅደም ተከተል ይመዘግባሉ። ኮምፒውተር ሁለቱን አገናኝቶ ውጤቱ በመጋቢት ወር ይነገራል። በእስራኤል ለሂትማሁት እንዲህ ያለ አንድ አገር አቀፍ ምደባ የለም። አመልካቹ ሥልጠናውን ወደሚሰጡት ወደ ኩፓት ሆሊምና ወደ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ክፍሎች ራሱ ይሄዳል፣ ማስረጃውን ያቀርባል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል።

በሁለቱም አገር ግን ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ተመሳሳይ ነው። ለምን ይህን ሙያ መረጥህ? መልሱ ያልታወቀ ችግር ሲገጥምህ ምን ታደርጋለህ? ከአንተ ቋንቋና ባህል ውጭ ያለን ሰው እንዴት ታዳምጣለህ? ዓለም አቀፍ ጤና እፈልጋለሁ ላለ አመልካች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ «የሄድክበት አገር ካንተ ምን አገኘ?»

በሩ ላይ ከመጠበቅ ወደ ቤት መሄድ

ዓለም አቀፍ ጤና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሻንጣ ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሐኪም ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። የአንድ አገር ሰው ጤና ከሌላው አገር ሰው ጤና ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ድህነት፣ ስደት፣ ቋንቋና ውኃ እንደ ጀርም ሁሉ በሽታ እንደሚያመጡ የሚያጠናና የሚሠራበት ዘርፍ ነው። ኢየሩሳሌም ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት።

ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የኢትዮጵያን መንገድ የወረደ ሰው ወዲያው የነቢያት መንገድ ላይ ይደርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ አካባቢ ብዙ ሆስፒታሎች ተሠርተው ነበር። የሮትሺልድ ሆስፒታል በ1888፣ የእንግሊዞቹ ሚስዮን ሆስፒታል በ1897 በዚያው መንገድ ተከፈቱ። ጀርመኖችም፣ ኋላም ጣሊያኖች፣ የየራሳቸውን ሠርተዋል። ሁሉም በር ከፍተው የታመመውን ይጠብቁ ነበር።

በ1913 ግን ሐዳሳ የተባለው የአሜሪካ አይሁድ ሴቶች ድርጅት ሮዝ ካፕላን እና ሬቸል ላንዲ የተባሉ ሁለት ነርሶችን ላከ። እነርሱም ከኢትዮጵያ መንገድ ብዙ በማይርቀው በሜአ ሸዓሪም ሰፈር አነስተኛ ጣቢያ ከፍተው በየቤቱ እየዞሩ እርጉዝ እናቶችንና ሕፃናትን ይጎበኙ ጀመር። በ1921 ኢየሩሳሌም ውስጥ የመጀመሪያው የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ ተከፈተ። ንጹሕ ወተት በአህያ ተጭኖ ለየቤቱ ይታደል ነበርና ስሙ ቲፓት ሀላቭ፣ የወተት ጠብታ ተባለ። ዛሬ እናንተም ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ የተከተቡበት ቲፓት ሀላቭ የመጣው ከዚያ ነው። በሽታን በር ላይ ከመጠበቅ ሰውየው ካለበት መድረስ፤ የቤተሰብ ሕክምና መሠረቱ ይህ ነው።

ከአፍሪካ መንደር ወደ ኪሪያት ሀዮቬል

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1940 ሲድኒ ካርክ እና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ናታል በሚባለው ክፍለ አገር፣ ፖሌላ በተባለ ድሃ የዙሉ ገጠር ጤና ጣቢያ ከፈቱ። የታመመውን ብቻ አላከሙም። ከአካባቢው ሰዎች መርጠው አሠለጠኑ። ሠልጣኞቹ በየጎጆው ገብተው ማን ምን እንደሚበላ፣ ስንት ልጅ እንደተወለደና እንደሞተ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ መዘገቡ። ልጆች በምግብ እጥረት እንደሚጎዱ ሲታይ ከመድኃኒቱ ጋር የጓሮ አትክልት ማልማትን አስተማሩ።

የዘር መድልዎው መንግሥት ሥራውን እያጠበበ ሲሄድ ካርኮች አገራቸውን ለቀቁ። በ1959 ኢየሩሳሌም መጥተው በሐዳሳና በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መሥራት ጀመሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋርም በኪሪያት ሀዮቬል ሰፈር ባለው ጤና ጣቢያ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአውሮፓ በመጡ ስደተኞች መካከል፣ የፖሌላን ዘዴ ሠሩበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሰፈሩን ጎልማሶች የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ችግር ሳይታመሙ በፊት መርምረው መከታተል ጀመሩ። ዛሬ ነርሷ «ግፊትሽን እንለካ» የምትለው ሳይታመሙ ነው አይደል? ያ አሠራር በዚህች ከተማ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ ይህ ጣቢያ ነው።

ዘዴው ወደ አሜሪካም ተሻግሯል። ጃክ ጋይገር የተባለው አሜሪካዊ በ1950ዎቹ በተማሪነቱ ፖሌላ ሄዶ ሥራውን አይቶ ነበር። ኋላ በ1960ዎቹ በቦስተንና በሚሲሲፒ ለድሆች የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ይህን ልብ በሉ፦ ዕውቀቱ ከድሃ የአፍሪካ መንደር ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሀብታሙ አገር ሄደ እንጂ ከሀብታም ወደ ድሃ ብቻ አልወረደም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤትም ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ሐኪሞችንና ነርሶችን በማስተርስ ደረጃ ሲያስተምር ኖሯል። በቤር ሸባ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1998 ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዓለም አቀፍ ጤናን ከሕክምና ጋር አዋሕዶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቁሟል።

በኢትዮጵያስ?

ከጎንደር አካባቢ የመጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 ነው። ሥራውም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ባንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክ ነበር። ሐኪም ከማይደርስበት ቦታ ጤና መኮንኑ እንደሚደርስ ብዙ አዛውንት ምስክር ናቸው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሠልጥነው በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድና ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተምራሉ።

የቤተሰብ ሕክምና በስፔሻሊቲ ደረጃ በኢትዮጵያ የተጀመረው ግን በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የመጀመሪያውን ፕሮግራም ከፈተ። የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን አግዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሦስት ዓመት ተምረው በ2016 ተመረቁ። እንግዲህ ከኢየሩሳሌም የሚነሣ ወጣት የቤተሰብ ሐኪም ወደ አባቶቹ አገር ቢሄድ የሚያገኘው ባዶ ቦታ አይደለም። ሊያስተምሩት የሚችሉ የሙያ ጓደኞች እዚያ አሉ።

ዓለም አቀፍ ጤና እዚሁ ወንበር ላይ

ሩቅ ሳይኬድ ግን ዓለም አቀፍ ጤና በየሰፈሩ ኩፓት ሆሊም ወንበር ላይ ተቀምጧል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ሰዎች የስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት በዛ። ጤፍና ሽሮ በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ተተኩ። ተራራ መውጣትና መውረድ ቀርቶ አውቶቡስና ወንበር መጣ። የእስራኤል ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አይተዋል። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ስኳር የሚይዛቸው ብዙ ሳይወፍሩ፣ ዕድሜያቸውም ብዙ ሳይገፋ ነው። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» ማለት አያዋጣም። ይህን የሚያውቅ የቤተሰብ ሐኪም ከሲታ የሆኑትን አባት ሳይቀር ደም ተመርመሩ ይላል፣ የማያውቀው ግን ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። «ልቤን አሞኛል» ስትል እጇን ከጡቷ በታች፣ ከሆዷ በላይ የምታስቀምጥ እናት ብዙ ናት። አስተርጓሚው «ሌቭ» ብሎ ሲተረጉመው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል፣ የጨጓራው ነገር ግን ይረሳል። «ሆዴ ባባ» የሚለው ስለ ሆድ ዕቃ አይደለም፣ ስለ ሐዘን ነው። «ራሴን አዞረኝ»፣ «ምች መታኝ»፣ «ጎኔን ወጋኝ»፣ እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው። ታማሚም በበኩሉ ሐኪሙን መርዳት ይችላል። ሕመሙ ያለበትን ቦታ በእጅ ማሳየት፣ መቼ እንደሚጀምርና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ መናገር ብዙ ስሕተት ያድናል። ደረት ላይ ጭንቅ የሚል፣ ላብ የሚያስጠምቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወዲያው 101 ይደወላል።

እምነት የሚባለውም ነገር አለ። በ1996 መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ሲታወቅ በኢየሩሳሌም ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ ተቃወመ። ያን ጊዜ የተሰበረው ነገር በአንድ ቀን አይጠገንም። ከዚያ ወዲህ ግን የተሠራ ሥራ አለ። በ1998 በክሊኒኮች ውስጥ ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያውቁ አገናኝ ሰዎችን ያስቀመጠው ረፉአ ሽሌማ የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። በዚያው ዓመት በተለይ በስኳር በሽታ ላይ የሚሠራው ቴኔ ብሪኡት የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለተገልጋዩ ቋንቋና ባህል ምቹ እንዲያደርጉ መመሪያ አወጣ። ስለዚህ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን የሆድ ምስጢር እንዲያስተረጉም አይገባም።

ለሚያመለክቱት ልጆች

አማርኛ ወይም ትግርኛ መቻል በማመልከቻ ላይ በትልቁ የሚጻፍ ችሎታ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» መባባል በቂ አይደለም። የሕመም ቋንቋ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ መምህራኑም አያቶች ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚያስብ አመልካች ሦስት ነገር ይጠይቅ። የጋበዙኝ የአገሩ ሐኪሞች ናቸው ወይስ ራሴን ጋብዤ ነው? እዚህ እንድሠራው ያልተፈቀደልኝን ሥራ እዚያ ድሃ ላይ ልለማመድበት ነው? ስመለስ ሥራውን ማን ይቀጥለዋል? ሁለት ሳምንት ሄዶ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ለአመልካቹ እንጂ ለሕፃናቱ ብዙም አይጠቅምም፣ ጠያቂዎቹም ይህን ይለያሉ። በአንጻሩ እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለአዛውንቶች የመድኃኒት ወረቀት ያነበበ ወጣት ስለ ዓለም አቀፍ ጤና የሚናገረው እውነተኛ ነገር አለው።

ለወላጆችና ለአያቶች

ልጁ «የቤተሰብ ሕክምና» ሲል አትዘኑ። ይልቁንም ጠይቁት። ከእነማን ጋር ልትሠራ ነው? የት ሰፈር? ማን ያስተምርሃል? ከዚያ አስተምሩት። አገር ቤት ሰው ሲታመም መጀመሪያ ወደ ማን ይሄድ እንደነበር፣ ለምን ጠበል፣ ለምን ወጌሻ፣ መቼ ጤና ጣቢያ እንደሚባል ንገሩት። ኮሶ እንዴት እንደሚጠጣ፣ አራስ እንዴት እንደምትታረስ አውሩት። ይህን በመጽሐፍ አያገኘውም። ታማሚው ፊት ሲቀርብ ግን ያስፈልገዋል።

አንድ ቀን ቋንቋቸውን የሚሰማ ሐኪም ዘንድ ገብተው «ልቤን» ብለው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ሲያኖሩ፣ ሐኪሟ ሳትጽፍ በፊት ቀና ብላ «እማማ፣ የትኛውን ልብዎን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ያች ሐኪም የተማረችው ከእናንተ ቤት ሊሆን ይችላል።